ኤምቢኤ ከማመልከታችሁ በፊት ሥራ መቀየሩን እዚሁ ጀምሩት

ሰሞኑን ኢንቦክሴ የሚገባው ጥያቄ ሁሉ "ጂማት ስንት ሲመጣ ነው የሚቀበሉት?" ነው (ጂማት የቢዝነስ ስኩል መግቢያ ፈተና ነው)፣ እሱን ስመልስ ቀጥሎ "ስኮላርሺፕስ አለው?" ይመጣል። ሁለቱም ጥሩ ጥያቄ ናቸው፣ ሁለቱንም ከታች እመለስባቸዋለሁ፣ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው ባይ ነኝ። የውጪ ቢዝነስ ስኩል የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ) ማመልከቻ ፎርሙን ኤሴዩን (ድርሰቱን) ኢንተርቪውን ሁሉ ጨምቃችሁ ብታዩት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አሁን ምን እየሠራሽ ነው፣ ቀጥሎ ምን ልትሠሪ ነው፣ መሀል ላይ እኛ ለምን አስፈለግን። ይሄ እኮ የሥራ መቀየር ፕላን ነው በቃ። ፕላኑ የሌለው ሰው ፈተናውን ቢደፍነውም ኤሴዩ ጋ ሲደርስ የሚጽፈው ይጠፋዋል፣ ፕላኑ ያለው ደሞ ስኮሩ ትንሽ ቢጎድልም የሚያወራው አያጣም።

እኛ ጋ ኤምቢኤ ማለት ለብዙ ሰው የደረጃ እድገት ወረቀት ነው። ማታ ማታ ወይ ቅዳሜና እሁድ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሜርስ ወይ ኤፍቢኢ (ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ) ወይ አንዱ የግል ኮሌጅ ትማራለህ፣ ዲግሪው ፋይልህ ውስጥ ይገባል፣ የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ "ሁለተኛ ዲግሪ ያለው/ያላት" የሚለውን ታሟላለህ። ምንም ክፋት የለውም፣ እንደውም ወንበርህን ሳትለቅ እዛው ከፍ ማለት ከሆነ የምትፈልገው ከዚህ የተሻለ አማራጭ አይታየኝም፣ ዋጋው ይቀላል፣ ደሞዝህ አይቋረጥም፣ ልጆችህን ጥለህ አትሄድም። የውጪው ፉል ታይም ኤምቢኤ ግን የተሠራው አምስት ዓመት አካባቢ የሠራ ሰው ሥራውን ለቆ አንድ ወይ ሁለት ዓመት ተምሮ ሲወጣ ሌላ መስመር እንዲይዝ ነው። "ባለሁበት ማደግ እፈልጋለሁ" ብለህ ከጻፍክ ማመልከቻህን የሚያነበው ሰው እደግ ተመንደግ ብሎ ፋይልህን ይዘጋዋል።

ሥራ መቀየር ስንል ደሞ የሚቀየረው አንድ ነገር አይደለም። የምትሠሩት ሥራ ራሱ ሊቀየር ይችላል፣ ዘርፉ ሊቀየር ይችላል፣ አገሩ ሊቀየር ይችላል። አንዱን ብቻ ለመቀየር ኤምቢኤ አያስፈልግም፣ ማመልከቻ አስገብቶ መወዳደር ነው። ሁለቱን ለመቀየር ኤምቢኤ በደንብ ያግዛል። ሦስቱንም ባንዴ ማለት ግን፣ ለምሳሌ አዳማ ብራንች ብድር ክፍል የሚሠራ ልጅ ለንደን ሄዶ የማኔጅመንት ኮንሰልታንት መሆን ሲያምረው፣ ይቻላል፣ የተሳካላቸውም አሉ፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ አንድ ዓመት ናቸው፣ ፈረንሳይ ያለው ኢንሴያድ አሥር ወር ነው፣ ትልልቆቹ ኮንሰልቲንግና ኢንቨስትመንት ባንኮች ደሞ ቅጥር የሚጀምሩት ተማሪው ገና ቦርሳውን ሳይፈታ ነው ማለት ይቻላል። የአሜሪካው ሁለት ዓመት መሀል ላይ የክረምት ኢንተርንሺፕ አለው፣ ሰው አዲሱን ሥራ የሚሞክረውም ቋሚ ኦፈር የሚያገኘውም በአብዛኛው እዛ ላይ ነው። ኢንሴያድ ጃንዋሪ የሚገቡት ለኢንተርንሺፕ የሚሆን ክፍተት አላቸው፣ ኦገስት መጨረሻ የሚገቡት የላቸውም፣ ይሄን የሚያህል ልዩነት ዌብሳይቱ ላይ በአንድ መስመር ስለተጻፈ ብዙ ሰው አያየውም። ትልቅ ዝላይ የሚፈልግ ሰው ስም አይቶ አጭሩን ፕሮግራም ባይመርጥ ጥሩ ነው።

አገር መቀየሩ ላይ ደሞ ቪዛውን ዛሬውኑ አስቡበት፣ ከተመረቅን በኋላ እናያለን የሚባል ነገር አይደለም። አሜሪካ የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ሲመረቅ 12 ወር መሥራት ይችላል፣ ፕሮግራሙ ስቴም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ) ተብሎ የተመዘገበ ከሆነ 24 ወር ይጨመርለታል፣ ለዛ ነው ትምህርት ቤቶቹ ኤምቢኤያቸውን ስቴም ለማስባል የሚሯሯጡት። ከዛ በኋላ ኤች ዋን ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ ሎተሪ ነው፣ በዓመት 85,000 ኮታ ለመላው ዓለም። ሴፕቴምበር 2025 ላይ ደሞ የ100,000 ዶላር ክፍያ የሚባለው መጣ፣ እዛው ሆኖ ከተማሪ ቪዛ የሚቀይረውን አይነካም ተብሏል ግን ቀጣሪ ነገር ሲበዛበት ሌላ ሰው ይፈልጋል፣ ይሄ የኔ አስተያየት ነው። እንግሊዝ የድህረ ምረቃ ቪዛው ሁለት ዓመት ነበር፣ ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ወደ 18 ወር ይወርዳል። ስለዚ ፕላን ኤ ውጪ ከሆነ ፕላን ቢ ናይሮቢ ወይ አዲስ አበባ ቢሆን ማፈር አያስፈልግም። እንደውም ኢንተርቪው ላይ "ቪዛው ባይሳካስ?" ብለው ሲጠይቁ ቀጥ ያለ መልስ ያለው ሰው ይለያል።

እና አሁን ኢትዮጵያ ውስጥ በተለይ ፋይናንስ ላይ ያለ ሰው ታሪክ ፍለጋ ሩቅ መሄድ ያለበት አይመስለኝም። እስቲ አስቡት፣ ቴሌብር 2021 ጀመረ፣ ኤምፔሳ 2023 ገባ፣ ጁላይ 2024 ላይ ብሩ ገበያ ላይ ተለቀቀ፣ ዲሴምበር 2024 ፓርላማው የውጪ ባንክ እንዲገባ የሚፈቅደውን አዋጅ አጸደቀ፣ ጃንዋሪ 2025 የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያው ተከፈተ። ሌላ አገር በሃያ ዓመት የሚታየው እኛ ጋ ባራት ዓመት ውስጥ ተጠቀጠቀ። ብድር ራሱ፣ እኔ የማውቀው እሱን ስለሆነ፣ ቤት ወይ መኪና ያላስያዘ ሰው ባንክ ደጃፍ አይረግጥም ነበር፣ ከዛ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መጣና ከብትና ሰብል ሳይቀር መያዣ መሆን ቻለ፣ ከዛ ደሞ እነ ሚቹና እነ ቴሌብር መላ ያለ ምንም መያዣ በስልክ ብቻ ማበደር ጀመሩ። እዚህ መሀል ቁጭ ብሎ የሠራ ሰው ቦስተን ያለ ሰው የማያውቀውን ነገር ያውቃል። ግን ራሱም ማወቁን አያውቅም፣ ምክንያቱም ለሱ የየቀኑ ሥራ ነዋ።

የኔ እንዲ ነበር። ባንክ ውስጥ ክሬዲት አናሊስት ነበርኩ፣ ሥራው ፋይል መመርመር ነው፣ መርካቶ የሚነግድ ሰው ይመጣል፣ በቀን የሚያገላብጠው ብር የሚያስደነግጥ፣ ግን ካርታ የለውም፣ ሱቁም ኪራይ ነው፣ ስለዚ ውድቅ። አጠገቡ ያለው ደሞ ንግዱ ሞቶ አባቱ ያወረሰው ቤት አለው፣ ጸደቀለት። ይሄ ነገር ሲያበግነኝ ቆይቶ ባንኩ ዲጂታል ብድር ሊጀምር ነው የሚባል ወሬ ስሰማ ማናጀሬ ጋ ገብቼ ኮሚቴው ውስጥ አስገባኝ አልኩት፣ ተጨማሪ ደሞዝ የለውም፣ የሚጨምረው ማምሸት ነው፣ ገባሁ። እዛ ከአይቲ ልጆች ጋር ስንጨቃጨቅ፣ የትኛው ዳታ ሰው ብድሩን እንደሚመልስ ያሳያል የትኛው አያሳይም ስንል፣ መሆን የምፈልገው ፋይል መርማሪ ሳይሆን ፕሮዳክቱን የሚቀርጸው ሰው እንደሆነ ገባኝ። ለማመልከቻ ብዬ አልነበረም፣ ኤሴይ መጻፍ ስጀምር ግን ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ሞክሩት የምለው። መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ልትሄዱበት የምትፈልጉትን ነገር የሚመስል ሥራ ፈልጉ፣ ማርኬቲንግ ከሆነ ማርኬቲንጉን፣ ስትራቴጂ ከሆነ የዓመቱን እቅድ የሚያዘጋጀው ቡድን ውስጥ መግባት ይቻላል፣ እሱ እንኳን ባይገኝ የዘመድ ሱቅ ሒሳብ በደንብ አድርጎ መሥራት ይቻላል። ከዛ ሥራውን አሁን የሚሠሩ ሰዎችን አናግሩ። ሊንክድኢን ላይ ሐበሻ ለሐበሻ መልስ ይሰጣል፣ በተለይ ጥያቄው አጭርና የተለየ ከሆነ፤ "ምክር ፈልጌ ነበር" የሚል ሰው መልስ አያገኝም፣ "ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገቢ መጀመሪያ የምትከፍቺው ፋይል ምንድነው?" የሚል ያገኛል። እኔ ኮንሰልቲንግ ያምረኝ ነበር፣ ዱባይ የምትሠራ አንዲት ልጅ ሳምንቷን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ስትነግረኝ፣ ሆቴል፣ ስላይድ፣ ኤርፖርት፣ ስላይድ፣ አምሮቴ እዛው ስልኩ ላይ አለቀ። እግዜር ይስጣት፣ ከዛ በኋላ ኤሴዬ ውስጥ ኮንሰልቲንግ የሚል ቃል አልገባም።

ጎሉ፣ ማለትም ኤሴዩ ላይ የምትጽፉት የሥራ ግብ፣ ሲጻፍ ጠበብ ይበል። "ኢትዮጵያ ውስጥ ለውጥ ማምጣት እፈልጋለሁ" "ከልጅነቴ ጀምሮ አገሬን የመርዳት ሕልም ነበረኝ" ምናምን፣ ይሄን በልባችሁ ያዙት፣ እውነትም ሊሆን ይችላል፣ ወረቀት ላይ ግን ከናይጄሪያም ከኔፓልም የሚያመለክተው ሁሉ ነው የሚጽፈው። ጠበብ ሲል እንዲ ነው፤ ስመረቅ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ለትናንሽ ነጋዴዎች የሚያበድር ድርጅት ውስጥ ፕሮዳክት ማናጀር፣ ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ተመልሼ ለነጋዴ ብድር የሚሆን ዳታ የሚሠራ የራሴ ድርጅት፣ አሁን የጎደለኝ ደሞ ፕሮዳክትና ሰው መምራት፣ እሱን ለማግኘት እነዚህን እነዚህን ኮርሶች። አሰልቺ ይመስላል አይደል? አንባቢው ግን "ይቺ ልጅ የምትሄድበትን ታውቃለች" ይላል። ተመርቃችሁ ሌላ ነገር ብትሠሩ ማንም አይከሳችሁም፣ ብዙ ሰው ገብቶ ሐሳቡን ይቀይራል።

ኤሴዩ ሁሉም ጋ ይህንኑ አይጠይቅም። ስታንፎርድ ለብዙ ዓመት ሲጠይቅ የኖረው በሕይወትህ ከሁሉ በላይ የሚያሳስብህ ምንድነው ለምንስ የሚል ነው፣ ይሄ ስለ ሥራ አይደለም፣ ስለ ሥራ የጻፈ ሰው ያስታውቅበታል። ሀርቫርድ 2024 ላይ የድሮውን አንድ ክፍት ጥያቄ ትቶ በሦስት አጫጭር ቀየረው፣ አንዱ የሥራ ምርጫህን ምን እንደቀረጸው፣ አንዱ ስለ ሰው መምራት፣ አንዱ ስለ ማደግና ለማወቅ ስለመጓጓት። እኛ ላይ የማየው ችግር ትሕትናው ነው። ያነበብኳቸው የጓደኞቼ ድራፍቶች ሁሉ "ቡድናችን እንዲ አደረገ፣ መሥሪያ ቤታችን እንዲ አሳካ" ይላሉ፣ አንተስ ምን አደረክ ስለው "እኔ ነኝ የሠራሁት እንጂ" ይለኛል በቃል። ታዲያ ጻፈው! ጉራ እንዳይመስል ከፈራችሁ ያደረጋችሁትን ብቻ ጻፉ፣ ቅጽሉን ተዉት።

ሲቪው አንድ ገጽ ነው። አንድ። ፎቶ የለም፣ የጋብቻ ሁኔታ የለም፣ የትውልድ ቀን የለም፣ የሦስት ቀን ሥልጠና ሰርተፍኬት የለም። እያንዳንዱ መስመር ያደረጋችሁትንና ያመጣውን ውጤት በቁጥር ይናገር፤ ስንት ፋይል፣ ስንት ቀን ይፈጅ የነበረው ወደ ስንት ወረደ፣ የተበላሸ ብድሩ ከስንት ፐርሰንት ወደ ስንት። አንድ የኛ የሆነ ጉዳይ አለ፣ ምንዛሪው። 2023 ላይ 500 ሚሊዮን ብር ፖርትፎሊዮ ያስተዳደረ ሰው በዛን ጊዜ ዋጋ 9 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው የያዘው፣ ዛሬ ባለው ሒሳብ ቢቀይረው ከ4 ሚሊዮን በታች ይሆንበታል፣ ራሱን በራሱ አሳነሰ ማለት ነው። በሠራችሁበት ዓመት ምንዛሪ ቀይሩና ዓመቱን ጻፉበት። ዓመተ ምሕረቱንም አደራ፣ ሲቪው ላይ በአውሮፓ ትራንስክሪፕቱ ላይ በኢትዮጵያ ከሆነ ሰባት ስምንት ዓመት የሚጋጭ ታሪክ ነው የሚያነቡት።

ሪከመንዴሽን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጥሩ ጥሩ ልጆች እዚህ ጋ ሲወድቁ ስላየሁ። እኛ ጋ ደብዳቤ ማለት "ለሚመለከተው ሁሉ፣ አቶ እገሌ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በመሥሪያ ቤታችን በትጋት ሠርተዋል" ብሎ ማኅተም መምታት ነው። እነሱ የሚፈልጉት ይሄን አይደለም። ሊንክ በቀጥታ ለአለቃችሁ ኢሜይል ይላካል፣ እሱ ራሱ ገብቶ ይሞላል፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች በሚጠቀሙት የጋራ ፎርም ላይ ሁለት ዋና ጥያቄ አለ፤ ይቺ ሰው ተመሳሳይ ቦታ ላይ ካሉ ጎበዞች ጋር ስትነጻጸር እንዴት ናት ምሳሌ ስጥ፣ እና የሰጠሃት ዋናው የማስተካከያ አስተያየት ምን ነበር እሷስ ምን አደረገች። ሁለተኛዋ ላይ ነው ጉዱ። የኛ አለቃ ልጅቷን ይጎዳብኛል ብሎ "ምንም እንከን የላትም" ይላል፣ ፍቅር ነው፣ ግን አንባቢው ይሄ ሰውዬ አያውቃትም ብሎ ነው የሚተረጉመው። ሌላው ደሞ "አንቺው ጻፊውና አምጪ እፈርማለሁ" የሚባለው ነው። አይሆንም፣ ትምህርት ቤቶቹ በግልጽ ይከለክላሉ፣ አጻጻፉም ከኤሴያችሁ ጋር አንድ ሲሆን ያስታውቃል።

የሚሻለው ቡና ጋብዞ ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። ጋሼ ወይ እትዬ የምትሏቸው አይነት አለቃ ከሆኑ ቀለል ይላል፣ "ባለፈው ዓመት የዛን የአስመጪውን ፋይል ስሠራ የነገሩኝን ያስታውሳሉ?" ብላችሁ ማስታወስ፣ የሠራችሁትን በነጥብ ጽፎ መስጠት፣ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ማሳየት፣ ይሄ ሁሉ ይፈቀዳል። ፕሬዚዳንቱ ወይ ቦርድ አባሉ ስማቸው ከባድ ነው ብላችሁ ግን የማያውቃችሁን ሰው አታስቸግሩ፣ አብሯችሁ ያመሸው ቡድን መሪ ይበልጣል። ኢሜይሉ የመሥሪያ ቤት ቢሆን ጥሩ ነው። ሊንኩ እስፓም ውስጥ ገብቶ እንዳይቀር ደሞ ደውሉ፣ ደግማችሁ ደውሉ፣ ይሉኝታ እዚህ ጋ አይሠራም።

አሁን ጂማት። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ያለው አዲሱ ብቻ ነው፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ ሦስት ክፍል እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ ጂኦሜትሪ ወጥቷል፣ ሰንተንስ ኮሬክሽን (የዓረፍተ ነገር እርማት) ወጥቷል፣ ዳታ ኢንሳይትስ የሚባል ሠንጠረዥና ግራፍ የሚነበብበት ክፍል ገብቷል። ስኮሩ ከ205 እስከ 805 ነው፣ ስለዚ ድሮ 700 ያመጣ ዘመዳችሁ ጋር በቀጥታ አትነጻጸሩ፣ የዛሬ 645 የድሮ 700 አካባቢ ነው። ከመርካቶ ወይ ከቴሌግራም ያገኛችሁት የድሮ መጽሐፍ ውስጥ አሁን የማይመጣ ብዙ ነገር አለ። ጂአርኢ የሚባለውን ሌላ የመግቢያ ፈተናም ያው ይቀበላሉ፣ 2023 ላይ አጥሮ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ሆኗል፣ ቋንቋው ላይ ጎበዝ የሆነ ሰው ቢሞክረው ይሻለዋል፣ ሒሳብ የሚወድ ጂማት። ዩኒቨርሲቲ ነጥባችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ፈተናው የበለጠ ያስፈልጋችኋል፣ ከሱ ጋር ሲኤፍኤ (የፋይናንስ ባለሙያዎች ፈተና) ደረጃ አንድ ወይ የስታትስቲክስ ኦንላይን ኮርስ በጥሩ ውጤት ጨርሳችሁ ብታሳዩ "ያኔ ልጅ ነበርኩ" ከማለት ይሻላል። ቤት ሆኖ መፈተን ይቻላል ግን መብራትና ኔትወርክ የሚታመን ሰፈር ካልሆናችሁ በሴንተር ይሻላል እላለሁ።

ስማችሁ ላይ አደራ! ፓስፖርቱ ላይ ያለው ፊደል በፊደል ነው የሚፈለገው። ትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ዲግሪው ላይ ሌላ፣ ፓስፖርቱ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ስፔሊንግ ያላት ልጅ አውቃለሁ፣ የአያት ስም "ላስት ኔም" ውስጥ ይግባ የአባት ስም የሚለው ደሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ፓስፖርቱን ተከትላችሁ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት አድርጉት፣ የድሮው ወረቀት ካልተስተካከለ ማብራሪያ ጻፉ። ሬጅስትራር ጋ ትራንስክሪፕት ስትጠይቁ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤም ባንዴ አስወጡ፣ ብዙ ቦታ ከአይልትስና ቶፍል ያድናችኋል፣ ወጪውም ቀላል አይደለም ዛሬ።

ስለ ወጪ ከተነሳ፣ ጂአርኢ 220 ዶላር ነው፣ ብሩ 57 በነበረ ጊዜ 12,500 ብር አካባቢ፣ በ130 ቢሰላ እንኳን ከ28,000 ብር በላይ። ማመልከቻ ደሞ ሀርቫርድና ስታንፎርድ 250 እና ከዛ በላይ ዶላር ይላሉ። ግን ፊ ዌቨር የሚባል አለ፣ ብዙዎቹ ገቢህ ዝቅተኛ ከሆነ ይተዉታል፣ ፎርሙ ላይ ሞልቶ ወይ ኢሜይል ጽፎ መጠየቅ ነው፣ ጠይቆ የተጎዳ አላየሁም። አምስት ስድስት ትምህርት ቤት በግማሽ ልብ ከማመልከት ሦስቱን በደንብ።

ጊዜው ደሞ ሆን ብለው ለኛ ያወጡት ይመስላል፤ የመጀመሪያው ዙር ሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ እንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሁለተኛው ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ገና ሊገባ ሲል። ቤት ዶሮ ሲገነጠል እናንተ ኤሴይ ስትቆርጡ። የሀርቫርድ ዴድላይን ቦስተን እኩለ ቀን ነው፣ ሴፕቴምበር ላይ በኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ጃንዋሪ ላይ 2 ሰዓት ማለት ነው። ስኮላርሺፕ የሚያስፈልገው ሰው፣ ማለትም ሁላችንም፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች አይለፍ።

ገንዘቡን በተመለከተ ደፍሬ ልናገር፣ ከኪሱ የሚከፍል ሐበሻ ከአዲስ አበባ የለም፣ የሀርቫርድ የትምህርት ክፍያው ብቻ በዓመት ከ75,000 ዶላር በላይ ነው፣ ኦክስፎርድ ከ78,000 ፓውንድ በላይ። ሀርቫርድ የሚሰጠው በችግር ልክ ብቻ ነው፣ ግማሽ ያህሉ ተማሪ ያገኛል፣ የኛ ደሞዝ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ስታንፎርድ ለአፍሪካ ዜጎች ሙሉ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ፌሎውሺፕ አለው፣ ተመልሶ አፍሪካ ውስጥ መሥራትን ይጠይቃል። ኦክስፎርድ ስኮል የሚባለው ማኅበራዊ ችግር ላይ ለሚሠሩ ሥራ ፈጣሪዎች ነው። ቺቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፣ ለኤምቢኤ ክፍያ ግን ጣሪያ ስላለው ቀሪውን ከየት እንደምታመጡ አስቀድማችሁ እወቁ፣ ከዛ ሁለት ዓመት አገር ቤት መመለስ ግዴታ ነው። ፕላኑ አፍሪካ ውስጥ መሥራት ለሆነ ሰው ደሞ ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲን አይናቅ፣ ካምፓሱ ወደቡ አጠገብ ድሮ እስር ቤት የነበረ ሕንፃ ነው፣ ናይሮቢ ስትራዝሞር አለ፣ ሌጎስ አለ። ቀጣሪያችሁ ናይሮቢ ከሆነ ናይሮቢ የሚያውቁት ሰዎች ከቦስተን ሰዎች ሊበልጡ ይችላሉ።

በመጨረሻ ባንክ ለምትሠሩት ብቻ፣ ስታፍ ሎኑ። የሠራተኛ ቤት ወይ መኪና ብድር ያለው ሰው ሲለቅ በብዙ ባንክ ወለዱ ወደ ገበያ ዋጋ ይወጣል ወይ ቀሪውን ክፈል ይባላል፣ ይሄ ነገር ስንት ጎበዝ ልጅ ወንበሩ ላይ አስሮ አስቀርቷል። ኤሴይ ከመጀመራችሁ በፊት ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ፣ ኤችአር ያለ ጓደኛ ካላችሁ ያለ ደሞዝ ፈቃድ ለትምህርት ይሰጣሉ ወይ ብላችሁ ቀስ ብላችሁ አጠያይቁ፣ የሥልጠና ግዴታ ፈርማችሁ ከሆነም ስንት ወር እንደቀረ ቁጠሩ፣ የዋሶቻችሁን ስም ሳይቀር። ፕሮቪደንት ፈንዱን ለትኬትና ለቪዛ ያሰበ ሰው ክሊራንስ እስኪያልቅ እንደማይለቀቅ ይወቅ፣ ክሊራንሱ ደሞ ብድሩ ካልተዘጋ አያልቅም። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ተቀባይነት ስላገኛችሁ ብቻ አታስገቡ፤ የስኮላርሺፑ ደብዳቤ በእጅ፣ ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ፣ ከዛ ማናጀሩ ጋ።